የሥዕል ታብሌትና ተች ስክሪን፦ ከመግዛታችን በፊት ፊዚክሱን እንጠይቅ

በአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ገብቶ የሥዕል ታብሌት የታሸገበትን ካርቶን ገልብጦ ያየ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን ነው፤ 5080 እና 8192። የፊተኛው ታብሌቱ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ለይቶ የሚያውቃቸው መስመሮች ብዛት ሲሆን፣ የኋለኛው ደግሞ ብዕሩ የሚለያቸው የግፊት ደረጃዎች ብዛት ነው። ከጎኑ የተደረደረው ካርቶን 16384 የሚል ከሆነ፣ ዋጋው ወደድ ቢልም፣ ገዢው ወደዚያኛው ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዕቃውም የተሻለ ይመስላልና።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው እነዚህ ቁጥሮች ሐሰት ባይሆኑም ገዢው ማወቅ የሚገባውን ነገር የማይናገሩ መሆናቸውን ነው። የሚገባውን ነገር ለማወቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም የማይርቅ ዕውቀት፣ አንድ የፕላስቲክ ማስመሪያና ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

«የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ትምህርት ክፍላችን በብዛት መምጣት የጀመረው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ ነበር። ትምህርቱን ከቤቱ ሆኖ መቅረጽ ግድ የሆነበት መምህር ጥቁር ሰሌዳውን አጣ፤ በማውዝ የኢንተግራል ምልክት ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ደግሞ ውጤቱ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ጠያቂዎቹ በዝተዋል፤ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ ካርቱን ሠሪዎች፣ የዲጂታል ማስታወሻ ደብተር የሚይዙ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዕቃው በአብዛኛው የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የገባ ታብሌት «አልተስማማኝም» ተብሎ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት በስም እንግባባ። አንደኛው ዓይነት በዩኤስቢ ሽቦ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ፣ የራሱ ስክሪን የሌለው ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ በላዩ ላይ በብዕር ስንጽፍ ጽሑፉ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ይታያል። ይህንን ከዚህ በኋላ «ሰሌዳ» እያልን እንጠራዋለን። ሁለተኛው በራሱ ስክሪን ላይ የሚጻፍበት፣ ግን ያለ ኮምፒውተር የማይሠራ «ስክሪን ያለው ሰሌዳ» ነው። ሦስተኛው እንደ አይፓድና እንደ ጋላክሲ ታብ ራሱን የቻለ፣ በጣትም በብዕርም የሚታዘዝ የተች ስክሪን መሣሪያ ነው።

ግራፍ ማንበብ የሰለቸው ፊዚሲስት

የእነዚህ ዕቃዎች ቅድመ አያት ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ የሆነው ራንድ ታብሌት ነው። የመጻፊያው ገጽ ወርድና ቁመቱ 10 ኢንች ያህል ሲሆን፣ በውስጡ በየአቅጣጫው 1024 ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተው ነበር። ዋጋው 18,000 ዶላር ነበር። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ታብሌት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚለየው 100 መስመሮችን ብቻ ነው። ሆኖም በዚያው ተቋም በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራው «ግሬይል» የተባለ ፕሮግራም በዚህ ታብሌት ላይ በእጅ የተጻፉ ፊደላትን አንብቦ መለየት ችሎ ነበር። ከዛሬው 5080 ጋር ሲነጻጸር ከሃምሳ እጥፍ በላይ ያነሰ ቁጥር የእጅ ጽሑፍን ለመለየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

በጣት የሚታዘዝ ስክሪንን በተመለከተ፣ ኢ.ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማልቨርን ከተማ በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 ሐሳቡን በአጭር ጽሑፍ አወጣ። እኛን የፊዚክስ ሰዎችን ይበልጥ የሚስበን ግን የሳሙኤል ኸርስት ታሪክ ነው። ኸርስት በ1970ዎቹ መባቻ በኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ የአቶም ፊዚክስ ሙከራዎችን ያደርግ ነበር። ከመሣሪያዎቹ የሚወጡትን ረጃጅም ግራፎች በዓይንና በማስመሪያ እያነበቡ ወደ ቁጥር መለወጥ እጅግ አሰልቺ ሥራ ነበረ። ኸርስትና ባልደረቦቹ ግራፉን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ወረቀት ላይ አስቀምጠው፣ የሚፈለገውን ነጥብ ሲነኩት ሁለቱን ኮኦርዲኔቶች በቮልቴጅ መልክ የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚህም ኢሎግራፊክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ተወለደ፤ ቆይቶም ግልጽ የሆነው፣ በስክሪን ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ተከተለ። ተማሪን ሰባት ወረቀት ግራፍ ስናስነብብ የሚሰማውን ማጉረምረም የምናውቅ መምህራን ይህን ታሪክ ብንወደው አይፈረድብንም።

የኸርስት ዘዴ ዛሬም አልሞተም። ሬዚስቲቭ የሚባለው ተች ስክሪን በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ንብርብሮች በጥቃቅን ነጠብጣቦች ተለያይተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በላይኛው ላይ ስንጫን ጎብጦ ታችኛውን ይነካል። በአንደኛው ንብርብር ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ከተሰጠ፣ በተነካው ቦታ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ነጥቡ ከጫፉ ያለውን ርቀት ይናገራል፤ በቤተ ሙከራ በረጅም ሬዚስተር ሽቦ ላይ የምንሠራው የቮልቴጅ ክፍፍል ሙከራ ከዚህ አይለይም። ይህ ስክሪን የሚፈልገው ግፊትን ብቻ ስለሆነ በጓንትም፣ በእንጨትም፣ በጥፍርም ይሠራል። ስለዚህም በአንዳንድ የፋብሪካና የሕክምና መሣሪያዎች ላይ አሁንም ይገኛል። ለሥዕል ግን አይመከርም፤ ሲጫኑት ይሰምጣል፣ መዳፍ ያረፈበትንም እንደ ብዕር ይቆጥራል።

ጣትና ብዕር አንድ ቋንቋ አይናገሩም

በዛሬ ስልኮች ላይ ያለው ካፓሲቲቭ የሚባለው ነው። በመስተዋቱ ሥር ከኢንዲየምና ከቆርቆሮ ኦክሳይድ የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ አስተላላፊ መስመሮች በቁመትና በአግድም ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ መገናኛ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ጣታችን ጨዋማ ውኃ ያዘለ አስተላላፊ እንደመሆኑ ወደዚህ መገናኛ ሲቀርብ ከኤሌክትሪክ መስኩ ከፊሉን ወደ ራሱ ይስባል፤ ካፓሲታንሱም ከአንድ ፒኮፋራድ ባነሰ መጠን ይለወጣል። መሣሪያው የሚለካው ይህችን ለውጥ ነው። እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የሚፈልግ አንባቢ ስልኩን በሙዝ ይንካው፤ ይታዘዝለታል። በደረቅ እንጨት ቢነካው ግን ዝም ይላል።

በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ስልኩ የጣታችንን ቦታ ከዚያ በረቀቀ ሁኔታ እንዴት ያውቃል? ጣት ሰፊ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ብዙ መገናኛዎችን ይነካል፤ መሣሪያውም የየመገናኛውን ለውጥ እንደ ክብደት ቆጥሮ፣ በሜካኒክስ የክብደት ማዕከል በምናገኝበት መንገድ መካከሉን ያሰላል። ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ዘንግ ግን መገናኛዎቹን የሚያነቃበት ስፋት የለውም። በየመንገዱ የሚሸጡት ርካሽ የስልክ ብዕሮች ጫፋቸው እንደ ጣት የወፈረ ጎማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ግፊትን አይለኩም፤ የሚጽፉበትንም ቦታ ይሸፍናሉ። ለፊርማ ያገለግሉ ይሆናል፤ ለሥዕል የሚገዛቸው ሰው ግን ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

እንደ አፕል ፔንስል ያሉት ብዕሮች ችግሩን የፈቱት በሌላ መንገድ ነው። በውስጣቸው ባትሪ አለ፤ ራሳቸው ምልክት እያመነጩ በቀጭን ጫፋቸው ወደ ስክሪኑ ይልካሉ፤ ስክሪኑም ያን ምልክት ለይቶ ያዳምጣል። ምልክቱ እንደ ቋንቋ ነውና ሁለቱ ካልተግባቡ ብዕሩ እንጨት ነው። አፕል ፔንስል ከአይፓድ ውጭ አይሠራም። ከአይፓዶችም ውስጥ የትኛው ትውልድ ፔንስል ከየትኛው አይፓድ ጋር እንደሚሄድ ሳያጣሩ መግዛት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላው ርካሹ ፔንስል ደግሞ ግፊትን ጨርሶ አይለካም። ማስታወሻ ለሚጽፍ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሥዕል ለሚሥል ግን ዋናው ነገር ጎደለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ውብ ነው ብለን እናምናለን። በሰሌዳው ሥር የጥቅል ሽቦዎች መረብ አለ። መረቡ በሰከንድ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ መግነጢሳዊ መስክ ይረጫል። በብዕሩ ውስጥ ያለው አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው ከዚህ ፍሪኩዌንሲ ጋር ሬዞናንስ እንዲያደርጉ ተቃኝተዋል። የክራር ክር አጠገቡ በተመታ ተመሳሳይ ድምፅ እንደሚንቀጠቀጥ ሁሉ፣ የብዕሩ ሰርኪዩትም በመስኩ ይነቃነቃል። ከዚያ ሰሌዳው በድንገት ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ብዕሩም የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ያስተጋባል። ይህ ልውውጥ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ማስተጋባቱን አጉልቶ የሰማው ጥቅል ሽቦ ብዕሩ የት እንዳለ ይጠቁማል። ጫፉን ስንጫን ደግሞ የሰርኪዩቱ መጠን በትንሹ ስለሚለወጥ ፍሪኩዌንሲው ይዛነፋል፤ ግፊትም የሚለካው በዚህ ነው። ስለዚህ ብዕሩ ባትሪ አያሻውም።

ዘዴውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጃፓኑ ዋኮም ሲሆን፣ ዛሬ እንደ ሁዮንና ኤክስፒ-ፔን ያሉ የቻይና ድርጅቶችም ባትሪ የማይፈልጉ ብዕሮችን ይሠራሉ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ይዞት የመጣው ኤስ-ፔንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መግነጢሳዊ መስክ መስተዋትንና ወረቀትን አልፎ ስለሚሄድ መረቡ ከስክሪኑ ኋላ ሊቀመጥ ይችላል። የአንዱ ድርጅት ብዕር ግን በሌላው ሰሌዳ ላይ ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም፤ ብዕር የጠፋበት ሰው መፈለግ ያለበት ከሰሌዳው ሞዴል ጋር የሚስማማውን ነው።

ረቂቅነት ሌላ፣ ትክክለኝነት ሌላ

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ5080 ሲካፈል 0.005 ሚሊ ሜትር ወይም 5 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ይህ ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው። በዚህ መጠን እጁን የሚያዝ ሠዓሊ በምድር ላይ የለም። ከዚህም በላይ፣ ሰሌዳው 5 ማይክሮ ሜትርን በቁጥር ይጽፋል ማለት በ5 ማይክሮ ሜትር ትክክል ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ከሚባሉት ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ በዝርዝር ሰነዳቸው የሚያሰፍሩት የትክክለኝነት ስሕተት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከ5 ማይክሮ ሜትር በሃምሳ እጥፍ ይበልጣል።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን በቤተ ሙከራ ይህን ልዩነት ለመረዳት ብዙ ይታገላሉ። ሚዛኑ አራት ዲጂት ከነጥብ በኋላ ስላሳየ ክብደቱ እስከ አራተኛው ዲጂት ትክክል ነው ብለው ይጽፋሉ። መሣሪያው የሚያሳየው የመጨረሻ ትንሽ ዕርምጃ ረቂቅነቱ ነው፤ ከእውነተኛው ዋጋ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገረው ደግሞ ትክክለኝነቱ። ካርቶኑ የፊተኛውን በትልቁ ያትማል፤ ስለ ኋለኛው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

የግፊቱም ቁጥር እንዲሁ ነው። 8192 ሁለት በራሱ አሥራ ሦስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ 16384 ደግሞ አሥራ አራት ጊዜ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግፊቱን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ሰርኪዩት ላይ አንድ ቢት መጨመር ብቻ ነው። ብዕሩ የሚለካው ከፍተኛ ግፊት የ400 ግራም ክብደት ያህል ነው ብንል፣ ለ8192 ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ 0.05 ግራም ይሆናል። ይህ ከተራ ኤ-4 ወረቀት ላይ ተቆርጣ የፖስታ ቴምብር የምታክል ቁራጭ ክብደት ነው። የጤናማ ሰው እጅ ዝም ብሎ ብዕር ሲይዝ የሚያደርገው መንቀጥቀጥ ከዚህ ይበልጣል።

ለሥዕል እጅግ የሚጠቅመው ቁጥር ሌላ ነው፤ ብዕሩ መጻፍ የሚጀምርበት ዝቅተኛ ግፊት። ይህ ከፍ ያለ ከሆነ ቀጭኑ፣ የላባ ያህል የሚቀለው መስመር ይጠፋል፤ ሠዓሊውም ሳያውቀው እየተጫነ አንጓው ይደክማል። ይህን ለመፈተን ብዕሩን ከኋላው በሁለት ጣት ብቻ ላላ አድርገን ይዘን፣ በራሱ ክብደት በሰሌዳው ላይ እንዲንሸራተት እንተወው። ብዕሮቹ በአብዛኛው ከአሥር እስከ ሃያ ግራም ይመዝናሉ። በራሱ ክብደት ብቻ ያልተቆራረጠ መስመር ካሰመረ መልካም ነው፤ ካላሰመረ 16384 ደረጃ ቢኖረውም ተዉት።

ቢ እና ቤ

ሌላው በካርቶን ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር መዘግየት ነው። የብዕሩ ጫፍ አንድ ቦታ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ቀለሙ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ የሚያልፈው ጊዜ ማለት ነው። እጃችን በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስና መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ቀለሙ ከብዕሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። በ10 ሚሊ ሰከንድ ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳየው ሙከራ መዘግየቱ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲወርድ ምስሉ ከጣቱ ጋር የተጣበቀ ይመስል ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 የፔንስሉን መዘግየት ከ20 ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ አውርጃለሁ ብሏል፤ የዚህም አንዱ ዘዴ ብዕሩ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ መገመት ነው።

ከመዘግየት ጋር የተያያዘውን አንድ ጣጣ ግን የውጭ ጸሐፊዎች አያነሡትም፤ የላቲን ፊደል ስለማያጋልጠው ይመስለናል። የእኛ ፊደል ብዙ ትርጉም በጥቃቅን ምልክቶች ላይ ያሳርፋል። ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ፣ ኒ እና ኔ የሚለያዩት በእግራቸው ላይ ባለው ሰረዝ ወይም ቀለበት ብቻ ነው። ሰሌዳው የብዕሩን ቦታ በሰከንድ 200 ጊዜ ያነባል እንበል። ቀለበቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው ዙሪያው ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ስንጽፈው በ60 ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ሰሌዳው ቀለበቱን የሚያውቀው በ12 ነጥቦች ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሥዕል ፕሮግራሙ የእጅን መንቀጥቀጥ ለማለስለስ የእያንዳንዱን አሥር ነጥብ አማካይ የሚወስድ ከሆነ፣ ቀለበቱ ተጨፍልቆ ሰረዝ ወይም ነጥብ ይሆናል። «ቤት» ብለን የጻፍነው «ቢት» ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚሻለው የመደብር ላይ ፈተና እነዚህን ጥንዶች በትንሹና በችኮላ መጻፍ ነው። ቀለበቱ ከጠፋ በፕሮግራሙ ውስጥ ስታቢላይዘር የሚባለውን ማለስለሻ ዝቅ አድርጎ ወይም አጥፍቶ እንደገና መሞከር ይገባል። ያኔም ካልተስተካከለ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። በዚያው አጋጣሚ የፕላስቲክ ማስመሪያ በሰሌዳው ላይ በሰያፍ አስቀምጦ፣ ብዕሩን እየተጠጉ እጅግ በዝግታ አንድ መስመር ማስመር ጥሩ ነው። የጥቅል ሽቦዎቹ መረብ በሚሊ ሜትሮች የተራራቀ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለውን ቦታ በደንብ የማያሰላ ሰሌዳ ቀጥ ያለውን መስመር እንደ እባብ ያዞረዋል። የብረት ማስመሪያ ግን መግነጢሳዊ መስኩን ያዛባልና አይጠቅምም። ሻጩ ካርቶኑን ለመክፈት ካልፈቀደ፣ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ናሙና መጠየቅ ነውር የለበትም።

የትኛው ለማን?

የፊዚክስና የሒሳብ መምህር፣ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ፣ ሥዕልን ገና የሚጀምር ሰው ከስክሪን አልባው ሰሌዳ ቢጀምሩ እንመርጣለን። ርካሽ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ በሚያገኘው ጥቂት ኃይል ይሠራል፤ የሚሰበር ስክሪን የለውም። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ሰሌዳው አንድሮይድ ስልክን የሚደግፍ መሆኑን አረጋግጦ በማገናኛ ከስልኩ ጋር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ስልኩ በቁመቱ ሲያዝ ግን ከሰሌዳው ገጽ የሚሠራው ከፊሉ ብቻ መሆኑን ይወቅ። እያዩ መጻፍ ያልተቻለበት አስቸጋሪ ስሜት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዳይ ነው፤ ማውዝም የሚሠራው በዚሁ መንገድ መሆኑን ሁላችንም ዘንግተነዋል።

ስክሪን ያለውን ሰሌዳ የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ሥዕልን መተዳደሪያው ላደረገ ሰው ካልሆነ አንመክረውም። ከኮምፒውተር ጋር በኤችዲኤምአይ ወይም ምስል በሚያስተላልፍ ዩኤስቢ-ሲ መያያዝ አለበት፤ ዩኤስቢ-ሲ ሁሉ ደግሞ ምስል አያስተላልፍም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም፣ ከግድግዳ ኃይል የሚፈልገው ሰሌዳ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ ሌላ የመስተዋቱን ውፍረት ማየት ይገባል። ብዕሩ ከመስተዋቱ በላይ ነው፤ ምስሉ ከታች። የመስተዋቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በ45 ዲግሪ ብናየው፣ የብርሃን ስብረትን ሕግ ተጠቅመን ስናሰላ ብዕሩና ምስሉ በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በመካከሉ የአየር ክፍተት ካለ ይብሳል። ስለዚህ ከዚህ ዓይነት የሚገዛ ሰው መስተዋቱና ስክሪኑ ያለ ክፍተት የተጣበቁበትን ይምረጥ።

አይፓድና ጋላክሲ ታብን የመሰሉት ደግሞ ኮምፒውተር ሳያሻቸው በባትሪ የሚሠሩ፣ ለማስታወሻ የሚመቹ ናቸው። ዋጋቸው ግን የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ብዕሩ ለብቻው የሚሸጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ከገዛን በኋላ

ሰሌዳውን እንዳያያዝን ልናደርገው የሚገባን የመጀመሪያ ነገር ክብ መሣል ነው። ክቡ ሞላላ ከሆነ የሰሌዳውና የስክሪኑ የጎን ምጣኔ አልተስማማም ማለት ነው። ወርዱ 16 ቁመቱ 10 የሆነ ሰሌዳ 16 በ9 በሆነ ስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ሥዕሉ ሁሉ በአግድም 11 ከመቶ ያህል ይለጠጣል። በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ምጣኔውን እኩል የሚያደርገውን መምረጥ ይህን ያስተካክለዋል፤ ከሰሌዳው ጥቂት ቦታ ሥራ ፈት ሆኖ ቢቀርም። መጠኑም እንዲሁ ይታሰብ፤ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነን ስክሪን ሲሸፍን የእጃችን ስሕተት ሁሉ በሁለት ይባዛል። ለሶፍትዌር ወጪ ማውጣት ግን አያስፈልግም፤ ለሥዕል ክሪታ፣ ለቴክኒክ ንድፍ ኢንክስኬፕ፣ ለማስተማሪያ ደግሞ ኦፕንቦርድ በነፃ ይገኛሉ።

በተች ስክሪኖች ላይ በአገራችን ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ፤ መሣሪያው ቻርጅ ላይ ሳለ ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መስመሩም ይዘላል። ብዙዎች ስክሪኑ ተበላሸ ብለው ወደ ጠጋኝ ይወስዱታል። ከቻርጀሩ ሲነቅሉት ችግሩ ከቆመ ግን ስክሪኑ ደኅና ነው። ርካሽ ቻርጀር ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ወደ መሣሪያው ያስገባል፤ የመሣሪያው ሰርኪዩት በሙሉ ከምድር አንጻር ይወዛወዛል፤ በምድር ላይ የቆመ ሰው ጣት ሲቀርብ ስክሪኑ ከፒኮፋራድ ያነሰችውን ለውጥ ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል። የላፕቶፕን ብረታማ ገላ ስንነካ አንዳንዴ የሚሰማን ስስ ንዝረትም የዚሁ ዘመድ ነው። የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር ቀዳዳ ኖሮት በውስጡ ግን ሽቦው ያልተያያዘባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱ ዋናውን ቻርጀር መጠቀም፣ የመሬት መስመሩን በባለሙያ ማስፈተሽ፣ ይህ እስኪሆን ደግሞ በባትሪ መሥራት ነው። እጅ ሲያልበውም ተመሳሳይ ችግር ስለሚፈጠር ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይጠቅማል።

በመጨረሻ ስለ ብዕሩ ጫፍ። ጫፉ ፕላስቲክ ነው፤ ሰሌዳው ሻካራ ነው፤ ስለዚህ ያልቃል። ከሰሌዳው ጋር የሚመጡትን መለዋወጫ ጫፎች አለመጣል ነው። የሰሌዳው ገጽ ከተላገና ብዕሩ ማንሸራተት ካበዛ፣ ተራ ነጭ ወረቀት በላዩ ላይ በፕላስተር አጣብቆ መጻፍ ይቻላል። መግነጢሳዊ መስኩ ወረቀቱን አይቆጥረውም፤ የምንጽፍበትም ስሜት ከደብተር ጋር ይመሳሰላል፤ ወረቀቱ ግን ጫፉን ቶሎ ይበላዋል። ጫፉን በጣት ስንዳስሰው አንድ ወገኑ ተልጎ ጠርዙ እንደ ስለት ከተሳለ፣ ሰሌዳውን ሳይቧጭር በቶሎ መቀየር አለበት።